አፉን ያልከፈተው ዓሣ

ባሕር ውስጥ የሆነ ነገር ልንገራችሁ?

«ንገረን!»

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ እኔም አላስረዝምባችሁም።

ድሮ፣ የውሃ ፍጥረት ሁሉ በሚነጋገርበት ዘመን፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ አንድ የኮራል ዋሻ ነበር። በዋሻው ውስጥ ትንንሽ ቀይ ዓሦች ይኖሩ ነበር። ርዝመታቸው ከጣት አይበልጥም። ዓይናቸው ትልቅ ነው፤ በጨለማ የሚያድን ትልቅ ዓይን ያስፈልገዋልና። ጀርባቸው ላይ ሁለት ክንፍ አለ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ጅራታቸው ሥር ደግሞ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። ሲመሽ ወጥተው ይለቅማሉ፤ ሲነጋ ገብተው ይተኛሉ።

የዋሻውን በር የምትጠብቀው የባሕር ጃርት ነበረች። እማማ እሾሂት ይሏታል። ዓይን የላትም፤ እሾህ ግን ሞልቷታል። ጎህ ሲቀድ አንድ ነገር ወደ በሩ ሲጠጋ «ማነህ?» ትላለች። «እኔ ነኝ እማማ፣ እገሌ ነኝ» ያላትን እሾኋን ገለጥ አድርጋ ታስገባለች። ዝም ያለውን ትወጋለች። ደንቧ ይኸው ነው። በዚህ ደንብ ብዙ ሌባ መልሳለች።

ከዓሦቹ መካከል ዓይናማና ሚስቱ ቀይት ነበሩ። አንድ ሌሊት ቀይት ከዋሻው ውጭ እንቁላል ጣለች። የመጀመሪያቸው ነው። በእነሱ ወገን እንቁላል የሚታቀፈው አባት ነው፤ የሚታቀፈውም በአፉ ነው። ዓይናማ አንድም ሳያስቀር ጎረሳቸው። ጉንጩ ተነፋ።

«አደራ» አለችው ቀይት፤ «እስኪፈለፈሉ አፍህን እንዳትከፍት። ከከፈትክ ውሃው ይበትናቸዋል።»

ቀይት ደክሟት ስለነበር ቀድማ ገባች፤ ጓዳ እንደደረሰች እንቅልፍ ወሰዳት። ዓይናማ ግን አፉ ከብዶታል። ቀስ እያለ ሲመጣ ነጋበት።

ከኋላው አያ ቀበኛ ተከተለው። አያ ቀበኛ እባብ የመሰለ ረጅም ዓሣ ነው፤ ዋሻውን ሲሰልል ከርሟል። የዓይናማን ጉንጭ አይቶ «ሆዳም! ምግቡን ጎርሶ ነው የሚመጣው» አለ በልቡ። ሁለቱ እኩል በሩ ላይ ደረሱ።

«ማነህ?» አለች እማማ እሾሂት።

ዓይናማ ዝም።

«እኔ ነኝ እማማ፣ ዓይናማ ነኝ» አለ አያ ቀበኛ፣ ድምፁን አቅጥኖ።

«ዓይንህ እንዴት ያለ ነው?»

ዓይናማ ዝም።

«ትልቅ ነው እማማ፤ በጨለማ የሚያይ።»

«ጀርባህስ?»

ዓይናማ ዝም።

«ሁለት ክንፍ አለው። ጅራቴ ሥርም ጥቁር ነጥብ አለችኝ፤ ሳይጠይቁኝ ልንገርዎት ብዬ ነው እማማ።»

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ። ሌላም አንድ እዚህ ቆሞ ይተነፍስብኛል። እሱ ማን ነው?»

«ሌባ ነዋ! ንጹሕ ቢሆን ዝም ይላል? ይውጉት!»

እማማ እሾሂት ረጅሙን እሾኋን አነጣጠረች። ጫፉ የዓይናማን ጉንጭ ነካው። ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ነግቷል፤ ትልልቆቹ ዓሦች ነቅተዋል። «እኔ ነኝ» ቢል እሱ ይድን ነበር። አላለም።

በዚህ መሐል ቀይት የባሏን ስም ሰምታ ከጓዳ መጣች። ከእሾሁ ብዛት ውጭውን ማየት አልቻለችም።

«ይቆዩ እማማ! እኔም አንድ ነገር ልጠይቀው።»

«ጠይቂው።»

«ዓይናማ፣ ልጆቻችን እንዴት ናቸው?»

«ደኅና ናቸው፣ የኔ ቆንጆ!» አለ አያ ቀበኛ። «አንቺን፣ አንቺን ይላሉ።»

ቀይት ጮኸች። «የሚናገረውን ይውጉት እማማ! የኔ ባል መናገር አይችልም። ልጆቼ አፉ ውስጥ ናቸው!»

እማማ እሾሂት እሾኋን አዞረች። አያ ቀበኛ አፍንጫው ላይ ሦስት እሾህ ተሰክቶበት፣ በራሱ ወፍራም ድምፅ «ወይኔ!» እያለ ሄደ።

ከዚያ አጭሯን እሾህ ወደ ዓይናማ ጉንጭ ቀስ አድርጋ አስጠጋች። ከቆዳው ሥር ብዙ ትንንሽ ክብ ነገር ተሰማት።

«ልወጋህ ነበር እኮ፣ ልጄ» አለች። «እንዲያው ትንሽ እንኳ ድምፅ ብታሰማ ምን ነበረበት?»

ዓይናማ ዝም።

«እሺ፣ እሺ፤ አትመልስ። ግባ።»

ሰባት ቀን እህል ሳይቀምስ ተቀመጠ። በስምንተኛው ቀን፣ ሲመሽ፣ አፉን ከፈተ። ልጆቹ እንደ ደቃቅ አሸዋ ብን ብን እያሉ ወጡ። እያንዳንዳቸው ከዓይን በቀር ምንም የላቸውም ማለት ይቻላል። የዋሻው ዓሦች ሁሉ ዙሪያውን ከበው ዓይናማ ምን እንደሚል ጠበቁ፤ ትልቅ ነገር ይናገራል ብለው።

«ራበኝ» አለ ዓይናማ።

እማማ እሾሂት እሾኋ እስኪርገፈገፍ ሳቀች። ቀይት ግን አልሳቀችም፤ ምግብ ልታመጣለት ወጣች።

እኔ ጨረስኩ። እናንተ ይህን ያዙ፦ ዝም ያለ ሁሉ መልስ የቸገረው አይደለም፤ መልሱን በአፉ ይዞ የመጣም አለ።