እመት ቀበሮና የሐይቅ ዳር ድንኳኖቿ

አንድ ጊዜ፣ ከጫካ ሸሽቶ ከተማ የገባው ሁሉ ጫካውን ከፍሎ ለማየት መመለስ በጀመረበት ዘመን፣ እመት ቀበሮ በአያ አንበሶ መንግሥት ፓርክ ውስጥ ካለው ሐይቅ ዳር ቁጭ ብላ ታስብ ነበር። ግራሩ ጥላውን ዘርግቷል። ሣሩ እስከ ውሃው ጫፍ ወርዷል። ወፎቹ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ነፋሱም ደስ ይላል። ለዚህ ሁሉ ደግሞ ማንም ምንም አይከፍልም። ነገሩ እመት ቀበሮን እንቅልፍ ነሳት።

«ይህን የመሰለ ሀብት በነጻ ተበትኖ ይቅር?» አለች። «ይሄማ ኃጢአት ነው!»

ወዲያው በራሪ ወረቀት አሳተመች። «ተፈጥሮ ከነምቾቷ!» ይላል ወረቀቱ። «የቅንጦት ድንኳን ከነፍራሹ፣ ከነመጋረጃውና ከነመስታወቱ። ለጠንካሮች ደግሞ ካምፒንግ፤ ሸራና መሬት ብቻ። ዋጋው ያው ነው።» ሸራና መሬት ለምን ከፍራሽና ከመስታወት እኩል ይከፈልበታል ብሎ የጠየቀ ቢኖር፣ መልሷ ዝግጁ ነበር፤ ምንም ያልተጨመረበት ተፈጥሮ ውድ ነው ትላለች። አያ አንበሶም በምረቃው ዕለት ከነግርማው መጥቶ፣ ሪባኑን በጥርሱ በጥሶ፣ ንግግር ሳያደርግ ተመለሰ። ሁሉም እፎይ አለ።

በከተማው ወፍጮ ቤት የሚሠሩ አያ አህዮ እና ሚስቱ እመት አህይት ያን ወረቀት ነፋስ አምጥቶላቸው አነበቡት። እነዚህ ባልና ሚስት ተወልደው ያደጉት በከተማ ነው፤ ጅብ የሚባለውን የሚያውቁት ከግንብ ማዶ ሲጮህ በመስማት ብቻ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ እህል ሲያመላልሱ ኖረዋል። የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ጀርባቸው ላይ ምንም ሳይኖር መዋል። ምኞቱ ትንሽ ነበር፤ ለአህያ ግን ትልቅ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ያሳዝናል። ያጠራቀሙትን ገብስ ሁሉ ጭነው፣ ከወፍጮ ቤቱ ፈቃድ ወስደው መንገድ ገቡ።

እመት ቀበሮ ፓርኩ በር ላይ በፈገግታ ተቀበለቻቸው። መጀመሪያ ገብሱን ተቀበለች፤ ቀጥላ እነሱን። ከጎኗ የሸራ፣ የምሰሶ፣ የፍራሽና የመስታወት ክምር ነበር።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! ድንኳኖቻችሁ እነዚህ ናቸው» አለች። «ከዚህ እስከ ሐይቁ ድረስ ይዛችኋቸው ትሄዳላችሁ። ፓኬጁ ውስጥ የተካተተ ነው።»

አያ አህዮ ክምሩን ዞር ዞር ብሎ አየው።

«እመት ቀበሮ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ይሄኮ ሸክም ነው።»

«ኧረ በፍጹም! ሸክም የሚባለው ገብስ ሲሰጧችሁ ነው። ገብስ ሰጥታችሁ ስትሸከሙ ጀብዱ ይባላል።»

«ጀብዱ!» አለች እመት አህይት ዓይኗ እያበራ፤ ጀርባዋንም ሰጠች። ባሏ ሊከራከር አፉን ከፈተ፣ ሚስቱን አየ፣ አፉን ዘጋ። ብዙ ዓመት በትዳር የኖረ አህያ ነው።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ምሰሶውን ተከሉ፣ ሸራውን ወጠሩ፣ ፍራሹን አነጠፉ። ይህም ጀብዱ ነበር። እመት አህይት ትልቁን ነጭ ድንኳን ያዘች። አያ አህዮ የመስታወት ፍላጎት ስላልነበረው በሁለት እንጨት ላይ ጣል በተደረገች አሮጌ ሸራ ሥር ተጋደመ። ለምሳ እመት ቀበሮ ከእግራቸው ሥር ሣር አጭዳ በሳህን አቀረበችላቸው። «የሐይቅ ዳር ሰላጣ» ይባላል አለች። ባልና ሚስቱ ሣር ላይ ቆመው ሣሩን ከሳህን በሉ፤ እመት አህይት «ጣዕሙ ልዩ ነው» አለች።

እመት ቀበሮ ግን አንድ ነገር እንደጎደለ ገብቷታል። ተፈጥሮ ያለ ጩኸት አትሸጥም። ስለዚህ እነሱ ሲበሉ እሷ ከጉብታው ጀርባ ወዳለው የአያ ጅቦ ጉድጓድ ብቅ አለች።

«አያ ጅቦ፣ ሥራ አግኝቼልሃለሁ።»

«ይበላል?»

«ሥራ አይበላም። ሲመሻሽ እዚሁ ሆነህ ትጮሃለህ፣ እንግዶቼ ይሰሙሃል። ስም ታገኛለህ።»

አያ ጅቦ አሰብ አደረገ። «ስም ቅልጥም አለው?»

«ስም ካለህ ቅልጥሙ ራሱ ይመጣል።»

ይህ አያ ጅቦን አረካው። «እንግዶቹ እነማን ናቸው?»

እዚህ ላይ እመት ቀበሮ ሂሳቧን አሰላች። አህዮች ናቸው ብትለው ነገ እንግዳ አይኖራትም። «አንበሶች ናቸው» አለች። «የአያ አንበሶ አማቾች። ጸጥታ ይወዳሉ፣ ከጉብታው ወዲያ እግሩን ያሻገረውን ይሰብራሉ።»

የአያ ጅቦ ጅራት እግሮቹ መሃል ገባ። በምረቃው ቀን አያ አንበሶን በዓይኑ ስላየ ለመጠራጠር ምክንያት አልነበረውም። «እኔ ምን በወጣኝ!» አለ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጩኸቱ ተለቀቀ። እመት አህይት ፍራሹ ሥር ገባች። መስታወቱ ወደቀ። እመት ቀበሮ መጋረጃውን ገልጣ ገባችና በለሆሳስ ተናገረች፦

«አይዟችሁ፣ የምሽት ሙዚቃችን ነው።»

«ጅብ አይደለም እንዴ?» አለ አያ አህዮ ከውጭ፤ ድምፁ ቀጥኗል።

«ጅብ ነበር። ጥርሱ አንድ ሳይቀር ረግፏል፣ ሥጋም ሐኪም ከልክሎታል። አሁን ዘፋኝ ነው።»

እመት አህይት ከፍራሹ ሥር ወጣች። ጥርስ የሌለው ጅብ! ይህን ወፍጮ ቤት ሄዳ ስትናገር የጎረቤቶቿ ፊት ታያት። በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ የምታወራው ስለ ዘፋኙ ብቻ ነበር፤ ሲመሻሽና ጩኸቱ ሲጀምር ግን ቅር አላት።

«በጣም ሩቅ ነው» አለች። «ያን ሁሉ ገብስ የሰጠነው ለሩቅ ጅብ ነው?»

«የቅርብ ጅብም አለን» አለች እመት ቀበሮ ወዲያው። «ትንሽ ጭማሪ አለው እንጂ።»

«ለእኔ የሩቁ ይበቃኛል» አለ አያ አህዮ።

«አንተ ዱሮም ዓላማ የለህም!» አለች ሚስቱ፤ ለመመለሻ ስንቅ ያስቀሩትን ገብስም አውጥታ ሰጠች። እመት ቀበሮ ገብስ አትበላም። ገብሱን ከተማ ልካ በዶሮ ታስለውጠዋለች። የዚያን ዕለት ዶሮ ዓይኗ ላይ እየዞረ አያ ጅቦን ከጉብታው ጀርባ አውጥታ፣ ከድንኳኑ ብዙም በማይርቅ ግራር ሥር አቆመችው። «ፊትህን ወደ ሐይቁ አዙር» አለችው። «አንበሶች ሲያዩዋቸው ይናደዳሉ።»

አያ ጅቦም ፊቱን አዙሮ እንደ ጉድ ጮኸ። አሁን አህያ ደስ ሲላት ዝም ማለት እንደማትችል የታወቀ ነው። እመት አህይትም ልቧ ሞልቶ፣ ራሷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ ድንኳኑ እስኪርገበገብ አናፋች።

አያ ጅቦ ዘፈኑን መሃል ላይ አቋረጠ።

«እመት ቀበሮ! አህያ ሰማሁ!»

እመት ቀበሮ ፈጥና መለሰች። «ልክ ነህ። ለምሳ የበሏት ናት። ሆዳቸው ውስጥ ሆና ነው የምትጮኸው።»

«ከነነፍሷ?»

«አንበሶች ሲቸኩሉ አያኝኩም።»

አያ ጅቦ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ታላላቆች የሚበሉት እንዲህ ነው ብሎ አሰበ። ያን ዕለት ወደ ጉድጓዱ ቢመለስም ዓይኑ አልተከደነም። የቸኮለ ሰው ማዕድ ላይ ፍርፋሪ አይጠፋም፤ የቸኮለ አንበሳ ማዕድ ላይ ደግሞ አንድ እግር፣ ኧረ እንዲያው ጆሮም ቢሆን ሊተርፍ ይችላል። ፍርሃቱና ሆዱ ሲከራከሩ አደሩ። ሆዱ አሸነፈ፤ ከአያ ጅቦ ጋር ሁልጊዜ የሚያሸንፈው እሱ ነው።

በማግሥቱ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እመት ቀበሮ ከድንኳኖቹ ጀርባ ዶሮዋን ትገነጥል ነበር። አያ ጅቦ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ በሆዱ እየተሳበ ወደ ነጩ ድንኳን መጣ። መጋረጃው ፊት ሲደርስ ግንባሩን አፈር አስነካ።

«እመቤቴ አንበሲት! ጌታዬ አንበሳ! አገልጋያችሁ ዘፋኙ ነኝ።»

እመት አህይት መጋረጃውን ገልጣ ልትወጣ ነበር። አንበሲት መባሏን እንደ ትልቅ አክብሮት ቆጥራው ልቧ ሊፈነዳ ደርሷል። «አንተ ግሩም ዘፋኝ! ግባ፣ ሰላጣ አለ» ብላ ጠራችው።

አያ አህዮ ግን ከሸራው ሥር ሆኖ ሌላ ነገር አየ። ጅቡ ከንፈሩን ሊልስ አፉን ከፈተ። ጥርሶቹ አሉ። ሁሉም አሉ። አንዱም አልረገፈም። አያ አህዮ ሽሽት አሰበ። ቢሮጥ ጅቡ ይደርስበታል፤ እሱ ቢያመልጥ እንኳ ሚስቱ መጋረጃው ጋ ናት፣ በአንድ ዝላይ ይደርስባታል። እመት አህይት ጨቅጫቃ ብትሆንም የእሱ ናት። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለው፤ ይህ ጥርሳም ፍጡር አሁን አንበሶች ብሎ ጠርቷቸዋል።

አሮጌዋን ሸራ ስቦ ጆሮዎቹን ሸፈነባትና ከሥሯ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እመቤቲቱ ከድንኳኗ አትወጣም!» አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። አያ ጅቦ ቁጣ መስሎት ጭራሽ መሬት ላይ ተለጠፈ። ሚስቱም የባሏን እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምታ ስለማታውቅ፣ በትዳር ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ የተባለችውን አደረገች።

አያ ጅቦም ከመሬቱ ሳይነሳ ለመነ፦ «ጌታዬ፣ አይቆጡ። ሆድዎ ውስጥ ከምትጮኸው አህያ የተረፈ ነገር ካለ፣ ሰኮናም ቢሆን...»

አያ አህዮ ሰኮናውን አየና ወደ ሸራው ውስጥ ሰበሰበው። «አልተረፈም» አለ። «ዘፈንህን ግን ወደነዋል። ለድካምህ ቀበሮዋን ሰጥተንሃል። ውሰዳት፣ ወዲህም አትመለስ።»

አያ ጅቦ መሬቱን ስሞ ተነሣ። ከድንኳኑ ጀርባ ሲዞር እመት ቀበሮ አፏ ላባ ሞልቶ ቀና አለች።

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«አንበሶቹ ሰጡኝ።»

«ምኑን?»

«አንቺን።»

ዶሮው ከአፏ ወደቀ። «አንተ ደደብ! አህዮች ናቸው! ሂድና ሸራውን ግለጠው! ጆሯቸውን እየው!»

«አንበሶች ናቸው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ዋሽቼህ ነው! ውሸታም ነኝ፣ በቃ!»

አያ ጅቦ አሰበ። ሥራው ስላልሆነ ፊቱ ጭምድድ አለ። ቆይቶ በራለት።

«እንግዲያው» አለ፣ «ውሸታም ከሆንሽ አሁንም እየዋሸሽኝ ነው። ውሸታም ካልሆንሽ አንበሶች ናቸው፤ አንበሶቹ ደግሞ ሰጥተውኛል። በየትም በኩል ቢሄድ ራቴ ነሽ።»

እመት ቀበሮ ዕድሜዋን ሙሉ ብዙ ብልጦችን አታልላለች። ከዚህ ሞኝ ግን ማምለጫዋ ሐይቁ ብቻ ሆነ፤ ዘላ ገባችበት። ያ የምትኮራበት ጅራቷ ከአያ ጅቦ ጥርስ መሃል ቀረ። እሷ በግድ እየዋኘች ወፎች የሚያርፉባት አንዲት ድንጋይ ላይ ወጣች።

አያ አህዮ እና እመት አህይት ያን ጩኸት ሲሰሙ ድንኳኑንም፣ መስታወቱንም፣ ፍራሹንም ጥለው እግሬ አውጪኝ አሉ። ጉብታውን አልፈው፣ ከፓርኩ በር አልፈው፣ የከተማው መብራት ሲታያቸው ነው ቆም ያሉት። አያ አህዮ እያለከለከ ጀርባውን ዞሮ አየ።

«አንቺ፣ ጀርባዬ ላይ ምንም የለም።»

እመት አህይትም የራሷን አየች። «የኔም ላይ!» አለች። ሊስቁ ጀምረው ሁለቱም አለቀሱ። ያን ያህል የተመኙት ነገር ነበር። የቀረውን መንገድ ቀስ ብለው፣ እየተጎማለሉ ሄዱት። ስለ ጉዞው የጠየቃትን ሁሉ እመት አህይት «ሐይቁ በጣም ያምራል፤ ዘፋኙ ግን ጥርስ አለው» እያለች ትነግረዋለች።

እመት ቀበሮም እነሆ ድንጋይዋ ላይ ናት። ፍራሽ የለ፣ መጋረጃ የለ፤ ከላይ ሰማይ፣ ከታች ውሃ፣ በራሪ ወረቀቷ ላይ እንዳለው ምንም ያልተጨመረበት ተፈጥሮ። ሲመሻሽ አያ ጅቦ ከነጥርሱ ዳር ድረስ መጥቶ፣ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ይዘፍንላታል። በዚህ ቅርበት ሲዘፍን አንድም ጭማሪ አይጠይቃትም።

ከዚህ የምንማረው፣ አህያን ለጅብ «አንበሳ ናት»፣ ጅብን ለአህያ «ጥርስ የለውም» እያለ ሁለቱን በአንድ ሐይቅ ዳር የሚያስተናግድ ብልጥ፣ እንግዶቹ የተገናኙ ዕለት የሚያድርበትን ድንጋይ ከወዲሁ መርጦ ቢያስቀምጥ እንደሚሻለው ነው።