ባለ ግራጫ ካባዋ

አንድ ጊዜ፣ በጋው በጠናበት ዓመት፣ የአራዊት ሁሉ ጉሮሮ ወደ አንድ ምንጭ ዞሮ ነበር። ምንጩ ከአለት ሥር ይወጣል። ጥርት ያለ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ቁልቁል ይወርድና ረግረግ ላይ ይተኛል። የሚተኛበት ቦታ ታችኛው ኩሬ ይባላል። ጭቃ ነው። አልቅት አለበት።

አንበሳ ከላይ ይጠጣል። ጎሽ ከላይ፣ ሚዳቋ ከላይ፣ ጅብ እንኳ ከነጥንቡ ከላይ። አህዮች ግን ከታች። ለምን ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነበር፤ «የአመድ ዘር ናቸው፤ አፋቸው የነካው ውሃ ይረክሳል።» ሲረክስ ያየ የለም። የጠየቀም የለም።

ከነዚህ አህዮች አንዷ እመት ዳለቻ ትባላለች። አምና የወለደችውን ውርንጭላ ታችኛው ኩሬ ወስዶባታል። አልቅት ጉሮሮው ገብታ ደሙን መጠጠችው። ዘንድሮ ሌላ ወለደች። እሱም ጡት ሊተው፣ ውሃ ሊጀምር ነው። ዳለቻ ሣር ስትግጥም፣ ስትቆምም፣ ስትተኛም የምታስበው አንድ ነገር ነበር፤ ይኼኛው ከታች አይጠጣም።

አንድ ማለዳ ልጇን አስከትላ ወደ ላይኛው ምንጭ ወጣች። የምንጩ ዘበኛ ጋሽ ዝንጀሮ አለት ላይ ተቀምጦ ቅማሉን ይለቅም ነበር።

«ወግጂ፣ የአመድ ዘር» አለና ድንጋይ ወረወረ።

ድንጋዩ የውርንጭላውን ጎን አገኘው። ዳለቻ አልተሳደበችም። ዞራ በቀጥታ ወደ ሸንጎ ሄደች።

አንበሳ ዋርካ ሥር ተጋድሞ ይዳኛል። አቶ ቀበሮ ከጎኑ ቆሞ ይናገርለታል። ዳለቻ ሁሉንም ተናገረች። ድንጋዩን፣ ስድቡን፣ ኩሬውን፣ የሞተባትን ልጅ። የአቶ ቀበሮ ዓይን እንባ አቀረረ። የቀበሮ እንባ ሲፈለግ ለመምጣት አይቸገርም።

«አያ አንበሶ፣ ይኼ ያሳፍራል» አለ። «በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ከአፍ ይወጣል? ከዛሬ ጀምሮ ያንን ስድብ የተናገረ ይከሰስ። እመት ዳለቻና ዘመዶቿም ‹የተከበሩ ባለ ግራጫ ካባ› ተብለው ይጠሩ።»

«ጥሩ ነው» አለ አንበሳ እያዛጋ።

«ምንጩስ?» አለች ዳለቻ።

«ቀስ በቀስ፣ የተከበሩ። መጀመሪያ አንደበታችን ይጽዳ።»

ሸንጎው በደስታ ጮኸ። ሚዳቋዎቹ ተቃቀፉ። ሁሉም ደግ የሆነ መሰለው። ቀበሮ ምንጩ ላይ ከአንበሳ ቀጥሎ የሚጠጣ ነው፤ ይህ ተራ እንዲነካበት አይፈልግም። ቃል መስጠት ግን ምንም አያስወጣውም።

*

በማግስቱ ዳለቻ እንደገና ወደ ላይ ወጣች። ጋሽ ዝንጀሮ ከአለቱ ወረደ። እጅ ነሣ።

«እንዴት አደሩ፣ የተከበሩ ባለ ግራጫ ካባ? ልጅዎስ እንዴት አደረ?»

እውነቱን ለመናገር ጆሮዋ ቀና አለ። እንዲህ ያለ ሰላምታ ሰምታ አታውቅም። ውርንጭላውም ድንጋይ ሊመጣ ነው ብሎ ከሆዷ ሥር ተደብቆ ነበር፤ ብቅ አለ።

«ደኅና ነን፣ ጋሽ ዝንጀሮ። ውሃ ልናጠጣ ነው።»

«ምነው፣ እግርዎን አያድክሙ እንጂ። የእርስዎ እኮ ወደ ታች ነው። በክብር ልሸኝዎት።»

ሸኛት። በሁለት እጁ መንገዱን እያመለከተ፣ እሾህ እንዳይወጋት እያስጠነቀቀ፣ እስከ ጭቃው ድረስ። ዳለቻ ኩሬው ዳር ቆመች። ልጇ አንገቱን ሲያጎነብስ በግንባሯ ገፋችው።

«አትጠጣ።»

«ጠማኝ።»

«አውቃለሁ። ጥባ።»

ጡቷ ሊደርቅ የቀረው ጥቂት ነበር። እሱም አውቋል፤ ትንሽ ጠብቶ ለቀቀው።

ከዚያ ማለዳ ወዲህ አገሩ በጨዋነት ተሞላ። ጎሹ ሲያገኛት መንገድ ይለቅላታል፤ ወደ ታች የሚወስደውን መንገድ። ሚዳቋዎቹ ስለ ካባዋ ቀለም ያወራሉ። ዝንጀሮ ወንድሞቹ ዘንድ ሲሄድ ደግሞ ያጉረመርማል። «አፋችንን ለጎሙት። ዱሮ አንድ ድንጋይ ወርውሬ እገላገላለሁ። አሁን እስከ ኩሬው ድረስ እጅ እየነሣሁ መውረድ አለብኝ። ጉልበቴ አለቀ።»

ይህን ሁሉ ያልሰማ አንድ ፍጡር ቢኖር አያ ጅቦ ነው። ሸንጎው ሲካሄድ ጠግቦ ተኝቷል። ነቅቶ ወደ ምንጩ ሲያዘግም ውርንጭላውን መንገድ ላይ አገኘውና ተደናቀፈበት።

«ይኼ የአመድ ዘር ደግሞ መንገድ ይዘጋል» አለ።

ሚዳቋዎቹ ጆሯቸውን ያዙ። አቶ ቀበሮ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መሐል ተገኘ፤ ሕጉን የሚያሳይበት የመጀመሪያ ጥፋተኛ ተገኝቷልና ፊቱ በርቷል።

የአገሩ ደንብ የቆየ ነው። ተከሳሽ እንዳይጠፋ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ጠፍር አንገት ለአንገት ይቆራኛሉ። ከሳሽ ይመራል፣ ተከሳሽ ይከተላል። ከሳሽ ምስክር አቅርቦ ሸንጎው እስኪፈርድ ድረስ አይፈቱም። ጠፍሩን የበጠሰ ወይም የተቆራኘውን የነከሰ ጥፋቱን እንዳመነ ተቆጥሮ ከአገር ይባረራል።

እንዲህም ሆነና ዳለቻ ስለ ልጇ ከሳሽ ተባለች፤ አህያና ጅብ በአንድ ጠፍር ታሰሩ።

ዳለቻ ጠፍሩ እስከፈቀደላት ድረስ ርቃ ትሄድ ነበር። የጅቡ ሆድ በየእርምጃው ይጮኻል።

«ከምንድን ነው የተሠራው?» አለ አያ ጅቦ፣ ጠፍሩን እያሸተተ።

«ከጎሽ ቆዳ።»

«ጥሩ ነው። ጫፉን ብቻ ብቀምሰው?»

«ከአገር ትባረራለህ።»

«ጫፉን ብቻ።»

«ጫፉም ጠፍር ነው፣ አያ ጅቦ።»

ተነፈሰ። ትንሽ ሄዱ። «አንቺንስ ብበላሽ ምን በላሁ ልበል? የተከበረች ባለ ግራጫ ካባ በላሁ ነው የሚባለው?»

«አዎ።»

«ረጅም ነው። ሳልጨርሰው እንደገና ይርበኛል።»

ዳለቻ ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ጎን ለጎን ሄዱ።

ጠማቸው። አያ ጅቦ እንደልማዱ ወደ ላይ ጎተተ። ጋሽ ዝንጀሮ ብቅ አለ። «አያ ጅቦ ይለፉ። የተከበሩት ግን ወደ ታች።» ጠፍሩ መሐላቸው ተወጠረ። የሚመራው ከሳሽ ነው፤ ስለዚህ ወረዱ።

አያ ጅቦ ኩሬው ውስጥ አፉን ነከረና ቶሎ አወጣው። ጥንብ ለወር የሚበላ አፍ ነው። ተፋው።

«ይኼን ነው የምትጠጪው?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ።»

«እኔ እኮ ውሃ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር።» ጥርሱ ላይ የተጣበቀ ጭቃ በምላሱ ገፋ። «ቆይ፣ አልገባኝም። ያንን ቃል ትቼ በጨዋ አማርኛ ባባርርሽ ኖሮ እታሰር ነበር?»

«አትታሰርም።»

«ዝንጀሮ በየቀኑ ያባርርሻል።»

«አዎ።»

«ታዲያ እሱ ለምን አልታሰረም?»

የጅቡ ዓይን ወደ ጠፍሩ ተመልሷል። ጥያቄው ግን ከእሷ ጋር ቀረ። ውርንጭላው ደረቅ ጡት እየጎተተ ሲያለቅስ ሰማች፤ ያኔ የምታደርገውን አወቀች።

*

ሸንጎው ሲቀመጥ ዋርካው ሥር ቦታ አልተገኘም። ገና ነገሩ ሳይከፈት ሁለት ወገን ሆነው ተሟገቱ። ዝንጀሮዎቹ «ዛሬ አፍ መክፈት ወንጀል ሆነ» አሉ። ሚዳቋዎቹ «እናንተ ያልሠለጠናችሁ» አሉ። «ካባ ማለት ይሻላል ወይስ ኩታ?» የሚል አዲስ ክርክር ተነሣ። ጸሐይ ከፍ እስክትል ድረስ ተናገሩ። ውሃ ያለ አንድም አልነበረም።

«የተከበሩ» አለ አቶ ቀበሮ በመጨረሻ፣ «ለደረሰብዎት የቃል በደል ምን ካሣ ይፈልጋሉ?»

«ቃሉ ያማል» አለች ዳለቻ። «ልጄ ፊት ነው የተናገረው። አያ ጅቦ፣ ደግመህ ትለዋለህ?»

«አልለውም። መታሰሩ ነው ያስቸገረኝ።»

«እንግዲያው ፍቱት።»

ፈቱት። ሸንጎው ሊበተን ተነሣ። ዳለቻ ግን ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። ጠፍሩ ከአንገቷ ተንጠልጥሏል።

«አያ አንበሶ፣ ሌላ ክስ አለኝ።»

«ማንን?»

«አቶ ቀበሮን።»

ቀበሮ ፈገግ አለ። «እኔን? እኔ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግሬዎት አውቃለሁ፣ የተከበሩ?»

«አያውቁም። ያማረውን ስም ለኔ ሰጥተው ንጹሑን ውሃ ለራስዎ አስቀሩ። እዚህ ቆሜ ልጄ ሞተ ስልዎት አልቅሰዋል፤ ሁለተኛውም ወደዚያው ኩሬ እንዲወርድ ግን ዘበኛውን ጨዋነት አስተማሩት። የምከስዎት በዚህ ነው።»

«ሕጉ ስለ አንደበት ነው እንጂ ስለ ውሃ አይናገርም» አለ ቀበሮ፤ ፈገግታው ግን ትንሽ ጎደለ።

«ስለሱ ሸንጎው ሲፈርድ ይነገራል። እስከዚያ ግን ደንቡ ምን ይላል?»

ሁሉም ወደ አንበሳ አየ። አንበሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያዛጋ ቀና አለ። ይህ የቆየ ደንብ ነው። ከአያቱ የወረሰው ነው። ሊያፈርሰው አይችልም።

«ከሳሽና ተከሳሽ ይቆራኛሉ» አለ። «ምስክርሽ መቼ ይቀርባል?»

«መንገድ ላይ ነው፣ ጌታዬ። ስሙ ጥማት ይባላል።»

አቶ ቀበሮ ሲታሰር ብዙ ተናገረ። ስለ መከባበር ተናገረ፣ ስለ ትዕግሥት ተናገረ፣ ስለ ዘመኑ ተናገረ። ዳለቻ እየሰማች ትግጥ ነበር። ጸሐይዋ እየከረረች ስትሄድ ንግግሩ አጠረ። ዳለቻ ከጥላ ወደ ጥላ አልሄደችም፤ አትቸኩልም። ኩሬው ዳር ሲደርሱ ቀበሮ ፊቱን አዞረ።

«አልጠማኝም።»

«እጠብቃለሁ።»

ጠበቀች። ጠማት፤ ልጇም ጠማው፤ ሦስቱም ቆሙ። ውርንጭላው ጉልበቱ ታጥፎ ተቀመጠ። ዳለቻ ሲቀመጥ አየችው። ብትሸነፍ ኖሮ እዚህ ላይ ነበር። ዓይኗን ግን ከቀበሮ ላይ አላነሣችም።

ቀበሮ አጎነበሰ። ጠጣ። ጭቃውን ዋጠ። ቀና ሲል ከከንፈሩ ጥግ ደም ወረደ። አልቅት ከምላሱ ሥር ተጣብቃ ነበር።

ያን ጊዜ ጠፍሩን የጎተተው ተከሳሽ ሆነ። ዳለቻ አልከለከለችውም፤ ልጇን አስነሥታ ተከተለችው። ወደ ላይ እየወደቀ እየተነሣ ሮጠ። ጋሽ ዝንጀሮ ሲያያቸው እጅ ነሣ።

«የተከበሩ፣ የእናንተ እኮ ወደ ታች…»

«ልለፍ» አለ ቀበሮ። ያ የሚያምር ምላስ አልታዘዝ ብሎታል።

«ደንብ ነው፣ አቶ ቀበሮ። በክብር ልሸኛችሁ።»

«አልወርድም። እዚያ አልመለስም። ያ ውሃ አይጠጣም። ለማንም አይጠጣም።»

አንበሳ ከምንጩ አፉን አነሣ፤ ከጢሙ ውሃ ይንጠባጠባል። አራዊቱ ሁሉ ተራ ይዘው ቆመው ነበር።

«ድገመው» አለ።

«አይጠጣም።»

«ለማንም?»

ቀበሮ ዙሪያውን አየ። የሚያምር ቃል ፈለገ። ደም ብቻ ዋጠ። «ለማንም» አለ።

«ምስክሩ ቀረበ» አለ አንበሳ። «ከእንግዲህ ታችኛው ኩሬ የማንም አይደለም። ጠፍሩን ፍቱ። ዝንጀሮ፣ ውረድ ከአለቱ።»

አልቅቷን ጎትቶ ያወጣት አያ ጅቦ ነው። በጥርሱ ነቀላትና ዋጣት። ማንም አልጠየቀውም፤ ርቦት ነበር።

ዳለቻ ልጇን በግንባሯ እየገፋች ወደ ምንጩ ቀረበች። አራዊቱ አንገታቸውን አሰገጉ። ውሃው ሲረክስ ሊያዩ ነው። ውርንጭላው ከንፈሩን ነከረ። ቅዝቃዜው አስደንግጦት ወደ ኋላ ዘለለ፣ እንደገና ነከረ፣ ጠጣ፣ ሆዱ እስኪወጠር ጠጣ። ምንጩ ከአለቱ ሥር መውጣቱን አላቆመም። ጠጠሮቹ እንደነበሩ ይታያሉ። ጋሽ ዝንጀሮ በአራት እግሩ ተጎንብሶ በቅርብ መረመረው፤ ምንም አላገኘበትም።

«ታዲያ» አለ ራሱን እያከከ፣ «አሁን ማን ብዬ ልጥራሽ? ካባውን ልተወው?»

«ዳለቻ በለኝ። ስሜ ነው።»

ከዚያ አንገቷን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ አናፋች። ድምፁ ገደሉን ሞላው፣ ተራራውን ዞረ። በየጥሻው፣ በየረግረጉ የነበሩ አህዮች ሰሙት። እናቶች ውርንጭላዎቻቸውን ቀሰቀሱ። አሮጌዎቹ ከጭቃው እግራቸውን ነቀሉ። በየአቅጣጫው አቧራ ተነሣ፤ አቧራው ሁሉ ወደ ላይ፣ ወደ ምንጩ ይመጣ ነበር። አንበሳም አየና ከውሃው ዳር ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሰጠ።

ከዚህ የምንማረው ክፉ ቃልን ከአንደበት ማጥፋት መልካም ቢሆንም፣ ምንጩ ለሁሉም እስካልተከፈተ ድረስ ያማረው አጠራር የድሮው ንቀት የለበሰው አዲስ ልብስ መሆኑን፣ የተበደለም በስም ተደልሎ ውሃውን ከመጠየቅ መቦዘን እንደሌለበት ነው።