የዳኛው እንባና በደጅ የቆመው ልጅ

አንድ መጻሕፍት ወዳድ ዳኛ ነበር። ልጁ ናሁሠናይ ያለ ፈቃዱ የሸማኔ ልጅ ቢያገባበት «ከእንግዲህ ልጅ የለኝም» ብሎ ከቤት አስወጣው። ልጁ ደጋግሞ ሽማግሌ ቢልክም ሁሉም አፍረው ተመለሱ።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ዳኛው አንድ ጥንታዊ ልብ ወለድ ሲያነብ ሽማግሌዎች ዳግመኛ ገቡ። እንደ ወጉም «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ዳኛው ግን ዐይኖቹ በእንባ ርሰው ነበርና ነገራቸውን አላስጀመራቸውም።

«ቆማችሁም ቢሆን ይህን ስሙ!» አለና አንድ ምዕራፍ አነበበላቸው። አንዲት ልጅ በዶፍ ዝናብ የአባቷን በር ታንኳኳለች፤ አባትየው ድምፅዋን እየሰማ እራቱን ይበላል። ዳኛው ምዕራፉን ጨርሶ መጽሐፉን ዘጋ። «ይህ አባት ነው? አውሬ ነው እንጂ! ከእኔ ችሎት ቢቀርብ ዕድሜ ልክ እስራት እፈርድበት ነበር።»

ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው አያ ደርቤ ምርኩዙን ተደግፎ «ጌታዬ፣ ይግባኝስ የለውም?» ሲል ጠየቀ።

«የምን ይግባኝ! እንዲህ ላለ ጨካኝ!»

«እንግዲያስ ፍርዱን ሰምተናል። እርስዎ ሲያነቡልን ናሁሠናይ ድንጋይ ተሸክሞ ከደጅ ቆሟል።»

ዳኛው ክው አለ። ያንን መጽሐፍ በወጣትነቱ አንብቦታል፤ በሽምግልናውም ደግሞታል። ሁልጊዜ ራሱን የሚያየው ከልጅቱ ጎን ቆሞ፣ አባትየውን ሲገሥጽ ነበር። አሁን ግን እራቱን የሚበላው ሰው የገዛ ፊቱን ይዞ ታየው።

በሩን ከፈተ። ልጁ ድንጋዩን እንደ ተሸከመ በፀሐይ አንገቱን ደፍቷል። ድንጋዩን ከይቅርታ ጠያቂው ትከሻ የሚያወርደው የተበደለው ነውና ዳኛው እጁን ዘረጋ፤ ክብደቱን ግን አልቻለውም።

«አባባ፣ ቀስ ይበሉ፤ እግርዎ ላይ እንዳይወድቅ» አለ ልጁ።

ዳኛው በዚህ ቃል ደነገጠ። ሽማግሌዎች አግዘውት ድንጋዩ ወረደ። ከዚያም ወደ ልጁ ዞሮ «ሚስትህ የት አለች?» አለ።

«ከአጥሩ ውጭ ናት። እርስዎን ፈርታ ነው።»

«ጥራት። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።»

ለመጽሐፍ ሰው ማልቀስ ቀላል ነው፤ መጥቶ ምሕረት አይጠይቀንም። ስለዚህ ብዙ ያነበበ ሁሉ ተማረ አይባልም። የተማረ የሚባለው በገጹ ላይ የፈረደውን ፍርድ በራሱም ላይ የሚያጸና ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በመጨረሻ ባነበብኸው መጽሐፍ አምርረህ የጠላኸው ማንን ነበር? እርሱ አንተ አለመሆንህንስ በምን አወቅህ?