የዳጣው ስቲከርና ያልተቀመጡት ሽማግሌዎች

ተረት አለኝ።

— ሶኬቱ ተሰክቷል፣ ቀጥል!

ጀሞ። ኮንዶሚኒየም። ምድር ቤት ውስጥ የነዋሪዎች የጋራ ክፍል። በክፍሉ አንድ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ አንድ ኮምፒውተር። ከሞቱ ኮምፒውተሮች አካል ተለቃቅሞ የተገጣጠመ ነው፤ ሊኑክስ ተጭኖበታል። በውስጡ ያሉት ፕሮግራሞች በሙሉ ነጻ ናቸው። የሠሯቸው ሰዎች ከነአሠራራቸው ለዓለም ሰጥተዋቸዋል፤ የፈለገ ይጠቀም፣ የፈለገ ሆዳቸውን ከፍቶ ይይ፣ የቻለ ያሻሽል። እትዬ ሮማን የእድር ማስታወቂያ በሊብሬኦፊስ ይጽፉበታል። ሐጂ ሙዘይን የድሮ ካሴቶቻቸውን ገልብጠው በኦዳሲቲ ከሽሽ ባይ ድምፅ ያጸዱበታል። ማንም ማንንም አያስቸግርም። እስከ ዛሬ ጠዋት።

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ዘነበች ዳጣ ትሠራለች። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመንገዱ ማዶ ባዛር ይከፈታል። የባዛሩ ሕግ አጭር ነው፦ ስቲከር የሌለው ጠርሙስ አይገባም። ባለፈው ጊዜ ዘነበች ጠርሙሶቿን እንዲሁ ይዛ ሄዳ ከበር መለሷት። ካርቶኗን አቅፋ ደረጃውን ስትወጣ ጎረቤት ሁሉ በመስኮት አያት። «ምነው ቶሎ ተመለስሽ?» ያላትም ነበር።

ዘንድሮ የምትፈልገው ትንሽ ነገር ነው። መዳፍ የምታክል ስቲከር። መሀሏ ላይ አንድ ቀይ በርበሬ፣ ከሥሩ «የዘነበች ዳጣ»። በቃ።

ፕሪንተሩን አበራችው። «በል አትም!» አለችው።

«ምኑን ላትም? ኢንክስኬፕ ጨርሶ ይስጠኝ» አለ ፕሪንተሩ።

ኢንክስኬፕ ነዳፊው ነው፤ መስመር ያሰምራል፣ ክብ ያከባል፣ ፊደል ያሰልፋል። ጠርዙን አሳምሮ ስሟን ጽፏል። መሀሉ ግን ባዶ ነው።

«አንተ ነዳፊ፣ ፕሪንተሩ አላትምም አለኝ። ጨርስ እንጂ!»

«በርበሬውስ? ጊምፕ በርበሬውን ቆርጦ ካላመጣልኝ አልጨርስም።»

እናም ኢንክስኬፕ አልጨረሰም፣ ፕሪንተሩ አላተመም፣ ዘነበችም ስቲከር አላገኘችም።

ጊምፕ ጋ ሄደች። ጊምፕ ፎቶ ቆራጩ፣ ፎቶ አሳማሪው ነው፤ ምልክቱ ብሩሽ በአፉ የነከሰ አውሬ።

«ጊምፕዬ፣ ኢንክስኬፕ አልጨርስም አለ፣ ፕሪንተሩ አላትምም አለ፣ እኔም ስቲከር አጣሁ። በርበሬውን ቁረጥልኝ።»

ጊምፕ ብሩሹን ሳይተፋ አጉተመተመ፦ «የቱን በርበሬ? ፎቶ አምጪ፣ እቆርጣለሁ። በአየር ላይ አልቆርጥም።»

ፎቶ የለም። ቪዲዮ ነው ያለው። በርበሬው የእህቷ የብርቄ ጓሮ በርበሬ ነው፤ እሷ ያለችው ሩቅ፣ ቦዲቲ ከተማ። ብርቄ ደግሞ ፎቶ አንሺ ስትባል ቪዲዮ የምታነሳ ሴት ናት። «ፎቶ ዝም ይላል፣ ደስ አይለኝም» ትላለች።

— ከጉልት ገዝታ ለምን ፎቶ አታነሳም?

ይኼን ዘነበችም ተጠይቃለች። «የሌላ ሰው በርበሬ ለጥፌ የእህቴን በርበሬ ላብላ? ታዲያ ስቲከር ምን ያደርግልኛል?» ብላ መልሳለች።

— ብርቄ በስልክ አትልክላትም?

የዘነበች ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ፎቶ አይቀበልም።

— የጎረቤት ስልክስ?

ዝም በል፣ ተረት ነው።

ቪኤልሲ ጋ ሄደች። ቪኤልሲ ቪዲዮ አጫዋቹ ነው፤ መንገድ ሲቆፈር የሚቆመውን ብርቱካንማ ኮን ምልክቱ ያደረገ።

«ባለ ኮኑ፣ ጊምፕ አልቆርጥም አለ፣ ኢንክስኬፕ አልጨርስም አለ፣ ፕሪንተሩ አላትምም አለ፣ እኔም ስቲከር አጣሁ። ከቪዲዮው ላይ አንድ ፎቶ ቀንጥብልኝ።»

«እቀነጥባለሁ» አለ ቪኤልሲ። «በርበሬዋ ላይ ስደርስ ቀጥ አድርጌ አነሳታለሁ። ግን ቪዲዮው የታለ? እኔ ያለ ቪዲዮ መንገድ የዘጋሁ ኮን ነኝ። ቀበሮዋ ታውርድልኝ።»

ቀበሮዋ ፋየርፎክስ ናት። ኢንተርኔት የሚባለውን ጫካ የምታውቀው እሷ ናት። ብርቄ ቪዲዮውን ጫካው ውስጥ አንድ ቦታ አስቀምጣዋለች።

«ቀበሮዬ፣ ቪኤልሲ አልቀነጥብም አለ፣ ጊምፕ አልቆርጥም አለ፣ ኢንክስኬፕ አልጨርስም አለ፣ ፕሪንተሩ አላትምም አለ፣ እኔም ስቲከር አጣሁ። ሩጪና አምጪልኝ።»

ቀበሮዋ ሄደች። ተመለሰች። ባዶ አፏን።

«ምነው?»

«ቪዲዮው ያለበት ቤት በር ላይ መታወቂያ ጠየቅሁ። አሳዩኝ። መታወቂያው የተሰጠበት ቀን ግን ገና አልመጣም! ነገ ከሚወለድ ሰው ዛሬ ዕቃ አልቀበልም። በዚህ ቤት ሰዓት ካልተስተካከለ ንቅንቅ አልልም።»

ዘነበች የስክሪኑን ጥግ አየች። ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ይላል። ምኑ ነው ስህተቱ? ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነው፤ ለእሷም ለእኔም ለእናንተም። ችግሩ ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ለእሱ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ማለት ድሮ ያለፈ ዓመት ነው። አንድ ሰው የእኛን ዓመት አስገብቶበታል። የእኛንም ሰዓት፤ ረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ ገና አልነጋም ብሎ ያስባል።

«አንተ ሰዓት፣ ቀበሮዋ አላመጣም አለች፣ ቪኤልሲ አልቀነጥብም አለ፣ ጊምፕ አልቆርጥም አለ፣ ኢንክስኬፕ አልጨርስም አለ፣ ፕሪንተሩ አላትምም አለ፣ እኔም ስቲከር አጣሁ። ተስተካከል!»

«እኔ የነገሩኝን ነው የምቆጥረው» አለ ሰዓቱ። «ጋሽ ሽብሩ ፓስወርዳቸውን ካላስገቡ አልንቀሳቀስም።»

ጋሽ ሽብሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ነዋሪው ኮምፒውተሩን በአደራ ሰጣቸው፤ ፓስወርዱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። አምስተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም።

ዘነበች እያለከለከች ደረሰች።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ አልንቀሳቀስም አለ፣ ቀበሮዋ አላመጣም አለች፣ ቪኤልሲ አልቀነጥብም አለ፣ ጊምፕ አልቆርጥም አለ፣ ኢንክስኬፕ አልጨርስም አለ፣ ፕሪንተሩ አላትምም አለ፣ እኔም ስቲከር አጣሁ።»

«ቀስ በይ፣ ተንፍሺ። ሰዓቱ ምን ሆነ?»

«ዓመቱ የእኛ ነው።»

«እና የማን ሊሆን ነበር?» አሉ ጋሽ ሽብሩ ቀና ብለው። «እኔ ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት። ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀምጦ፣ የኢትዮጵያን መብራት እየበላ፣ በፈረንጅ ዓመት ይቆጥራል? ነጻ ሶፍትዌር ነው፣ እንዳሻችሁ አድርጉት ስትሉ አልነበር? እንዳሻኝ አደረግሁት።»

«ባዛሩ እኮ ዘጠኝ ሰዓት ነው ጋሼ!»

«በማን ዘጠኝ? በእኛ አይደል? አየሽ!»

«ከበር ይመልሱኛል...»

«ለቀበሮ ብዬ ቀኔን አልለውጥም። ሽማግሌ ብትልኪ አልለውጥም!»

ይኼን ማለት አልነበረባቸውም። ዘነበች ሊወርድ የነበረው እንባዋ ተመለሰ። ሽማግሌ! እንዴት ረሳችው?

ሽማግሌ ለመሰብሰብ ደረጃውን ወረደች። እትዬ ሮማን፣ ሐጂ ሙዘይን፣ እና ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባባ ጨመረ። ሦስቱ ከተነሱ በዚህ ብሎክ ያልታረቀ ባልና ሚስት የለም።

«እናንተ ካልሄዳችሁልኝ ጋሽ ሽብሩ እሺ አይሉም፣ ሰዓቱ አይንቀሳቀስም፣ ቀበሮዋ አታመጣም፣ ቪኤልሲ አይቀነጥብም፣ ጊምፕ አይቆርጥም፣ ኢንክስኬፕ አይጨርስም፣ ፕሪንተሩ አያትምም፣ እኔም ዛሬ ደግሞ ካርቶኔን አቅፌ እመለሳለሁ።»

«አልገባኝም» አሉ አባባ ጨመረ። «የተጣላው ማን ነው?»

«ሰዓቱ።»

«ከማን ጋር?»

«ከቀበሮዋ።»

ሐጂ ሙዘይን ቆባቸውን አስተካከሉ። «ልጅ ድሬያለሁ፣ በአጥር የተጣላ አስታርቄያለሁ። ቀበሮ ግን የመጀመሪያዬ ነው። እንሂድ።»

ወጡ። አንድ ፎቅ፣ እረፍት። አንድ ፎቅ፣ እረፍት። አባባ ጨመረ ጉልበታቸውን እያባበሉ፣ እትዬ ሮማን ነጠላቸውን እያጣፉ። በሩን አንኳኩ።

ጋሽ ሽብሩ ከፈቱና ደነገጡ። «ውይ! ግቡ፣ ግቡ! ተቀመጡ!»

«አንቀመጥም» አሉ እትዬ ሮማን።

«ኧረ በማርያም!»

«የመጣንበትን ሳትፈጽም አንቀመጥም» አሉ ሐጂ ሙዘይን።

ቆሙ። እንደ ግድግዳ። ጋሽ ሽብሩ ወንበር ጎተቱ፤ ቆሙ። ትራስ ደረደሩ፤ ቆሙ። ውሃ አቀረቡ፤ አልተቀበሏቸውም። የሰው ልጅ በገዛ ቤቱ ሦስት ሽማግሌ አቁሞ እንዴት ይቀመጣል? ጋሽ ሽብሩም ቆሙ። የአባባ ጨመረ ቀኝ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አባባ፣ እርስዎ እንኳ አረፍ ይበሉ።»

«ሰዓቱ ሳይስተካከል? አላርፍም።»

«ታዲያ ዘመናችንን ለፈረንጅ ላስረክብ?»

«ማን አስረክብ አለህ?» አሉ እትዬ ሮማን። «ሽብሩ፣ ስማኝ። ኮምፒውተሩ እንግዳ ነው። እንግዳ በአገሩ ቀን ቢቆጥር ምን አስቆጣህ? አንተ የእኛን ቀን ግድግዳው ላይ በትልቁ ስቀለው፤ የገባ ሁሉ ይየው። ለእንግዳ የማያውቀውን ቀን አስገድዶ ማስቆጠር ግን በእኛ ባህል አለ?»

አሁን የአባባ ጨመረ ሁለቱም ጉልበቶች ተንቀጠቀጡ።

«በትልቁ?» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

«ከስክሪኑ በላይ።»

«እሺ! ይቀየር! ተቀመጡልኝ፣ በፈጠራችሁ!»

ተቀመጡ። አባባ ጨመረ ሲቀመጡ ወንበሩም እሳቸውም እኩል «እፎይ» አሉ።

ከዚያማ!

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ጋሽ ሽብሩ ወረዱ፤ ጋሽ ሽብሩ ፓስወርዱን አስገቡ፣ ሰዓቱ ዘለለ፤ ሰዓቱ ዘለለ፣ ቀበሮዋ መታወቂያውን አይታ አመነች፤ ቀበሮዋ ሮጣ ቪዲዮውን አመጣች፣ ቪኤልሲ አጫወተ፤ ብርቄ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብላ «ይታያል? እየታየሽ ነው ዘኑ?» ብላ ጮኸች፣ ካሜራውን አዞረች፤ ቪኤልሲ ቀይዋ በርበሬ ላይ ቀጥ አድርጎ ቀነጠበ፣ ጊምፕ ከነዘንጓ ቆረጠ፣ ኢንክስኬፕ መሀሉን ሞልቶ ጨረሰ፣ ፕሪንተሩ አንዴ አስነጥሶ አተመ። አንድ፣ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ዘነበችም ስቲከሯን አገኘች።

ጋሽ ሽብሩ አንዷን አንስተው ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «በርበሬዋ ትንሽ ጠማማ ናት» አሉ።

«እህቴ ጓሮ እንደዚያ ነው የሚበቅለው።»

«እንዲያ ከሆነ ትክክል ናት» አሉና ጠርሙሶቹ ላይ አብረዋት መለጠፍ ጀመሩ። ቀጥ አድርገው የለጠፉት እሳቸው ነበሩ፤ የሰዓት ሠሪ እጅ አይንቀጠቀጥም።

የባዛሩ በር። ተቆጣጣሪው ጠርሙስ አንስቶ አገላበጠ። ስቲከሯን አነበበ። ዘነበች ካርቶኗን እንዳቀፈች መልሱን ከፊቱ ላይ ፈለገች።

«ልቅመሰው?»

«ቅመስ።»

ቀመሰ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ሊናገር ሞከረ፣ ድምፅ እንቢ አለው። በአንድ እጁ አፉን ይዞ፣ በሌላው እጁ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጠረጴዛዎቹ ጠቆማት።

ገባች።

ተረቴ ይኸው፤ እንደ ኮምፒውተር ፋይል ሳታስቀምጡ እንዳትዘጉት።