አምስት ቀዳዳ ያለው ገመድ

ቀረብ ቀረብ ብላችሁ ስሙኝ። ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጽፉ በነበረበት ዘመን፣ አንዲት ዓይን አፋር ዔሊ ነበረች። ለምንጩ ውሃ ተራ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈች። ሥራ በጀመረበት ቀን ሁሉም ጠጣ፤ ሚዳቋ ብቻ ተራ አጣች። በማግስቱም አጣች። በሦስተኛውም ቀን አጣች። ሌሎቹ ያደፈረሱትን ትጠጣ ጀመር።

አንበሳ ዔሊን አስጠርቶ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ውሃው እንደ ቀድሞው ለጉልበተኛ እንደሚሆን ነገራት። ዔሊ ብቻዋን ፈልጋ ፈልጋ ስህተቱን አጣችው። በመጨረሻ ወደ ዝንጀሮ ሄዳ፣ ፕሮግራም የሚጽፉት ሁሉ አንድ እሑድ ቢሰበሰቡና ቢረዳዱ ምን ይመስልሃል አለችው። ዝንጀሮ በጣም ደስ አለው። ዝግጅቱን ለኔ ተይው አላት።

የመጀመሪያው እሑድ ደረሰ። ዝንጀሮ ትልቅ አዳራሽ አላገኘሁም ብሎ አራዘመው። ሁለተኛው እሑድ ደረሰ። እንግዶች የሚመዘገቡበት ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው ብሎ አራዘመው። ሦስተኛው እሑድ ደረሰ። ፕሮግራሙ አልቋል፤ የእንግዳውን የጅራት ርዝመት እንኳ ሳይቀር ይጠይቃል። የተመዘገበ ግን አንድም የለም።

"ለማን ነገርክ?" አለችው ዔሊ።

ዝንጀሮ ራሱን አከከ። "ለማንም። ፕሮግራሙ ላይ ተጽፏል እኮ።"

ይህን የሚነጋገሩት በጉሬዛ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ነበር። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ የመብራት ማከፋፈያ ገመድ ሰማቸውና ሳቀ።

"አያ ዝንጀሮ፣ እኔ አምስት ቀዳዳ አለኝ፤ አምስት ኮምፒውተር እችላለሁ። እሑድ እሑድ ወፍጮው አይፈጭም፣ ቤቱም ባዶ ነው። ሌላ ምን ቀራችሁ?"

"አምስት ብቻ? ያሳፍራል" አለ ዝንጀሮ።

"ከባዶ አዳራሽ ይሻላል፣ ጌታዬ" አለ ገመዱ።

ዔሊ አንድ እሑድ ብቻ ቀርቷታል። ጉሬዛን አስፈቀደችና መንገድ ጀመረች። ሰኞ ጃርት ደጅ ደረሰች። ረቡዕ ርግብ ደጅ ደረሰች። ዓርብ ሸረሪት ደጅ ደረሰች። በየደጁ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እሑድ ወፍጮ ቤት ኑ፣ ቆሎም እምቢ ያላችሁንም ሥራ ይዛችሁ ኑ ትላለች።

እሑድ ከዝንጀሮ ጋር አምስት ሆኑ። አምስቱም ቀዳዳ ሞላ። ግን ስህተቱን ቀድሞ ማሳየት የፈለገ አልነበረም። ዔሊ አንገቷን ወደ ቅርፊቷ አስገባች። ቆይታ አወጣችው።

"የኔ ፕሮግራም ለሚዳቋ ተራ አይሰጥም" አለች። "ብቻዬን አቃተኝ።"

ሸረሪት ስክሪኑ ላይ ወጥታ መስመር በመስመር ወረደች። ከታች ስትደርስ ቆመች።

"እመት ዔሊ፣ ፕሮግራምሽ ስም መጥራት የሚጀምረው ከቁጥር አንድ ነው። ሚዳቋን የጻፍሻት ደግሞ ዜሮ ላይ ነው።"

ዔሊ የመጀመሪያውን ቁጥር ከአንድ ወደ ዜሮ ለወጠች። ይህን ሲያይ ዝንጀሮም መመዝገቢያውን አወጣና፣ ጅራት ለሌላት ሸረሪት ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀ። ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ያቃተውን አወጣ።

ሰኞ ጠዋት ምንጩ ዳር መጀመሪያ የተጠራችው ሚዳቋ ነበረች። ገና ማንም ያልነካውን ውሃ ጠጣች።

እናንተም ወዳጆቻችሁን መሰብሰብ ስታስቡ፣ አዳራሹ ይቆያችሁ። መጀመሪያ ደጃቸው ድረስ ሄዳችሁ ጥሯቸው። የኔ ተረት አለቀ፤ የተረፈውን ቆሎ ተካፈሉት።