የሾላምባ ቤተ ሙከራ

በአንድ ወቅት ሾላምባ በምትባል ትንሽ ከተማ ሦስት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ላይኛው፣ ገበያ ዳር እና ወንዝ ማዶ። አንድ ቀን ከዞን ደብዳቤ መጣ። አንድ ሙሉ ቤተ ሙከራ፣ ከነማይክሮስኮፑ ከነአስተማሪው፣ ለአንዱ ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ የትኛው እንደሚገባው ከተማው ይወስን፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ስም ካልላካችሁ ለሌላ ከተማ እንሰጠዋለን ይላል።

ከተማው ተበጣበጠ። ኮሚቴ ሦስት ጊዜ ተቋቁሞ ሦስት ጊዜ ፈረሰ፤ አንዱ ሌላውን «ልጅህ እዚያ ስለሚማር ነው» እያለ። መጨረሻ ላይ ወይዘሮ ይታይሽን ለመኗቸው። ወይዘሮ ይታይሽ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ልጅ ስለሌላቸው የሚያደሉለት ትምህርት ቤት የለም። ከዚህም በላይ ሰው አያምኑም፤ ወተት ሲገዙ እንኳ ውኃ መግባት አለመግባቱን ሳይቀምሱ ከበሩ ላይ አይመለሱም።

መጀመሪያ የሄዱት ላይኛው ነው። ርዕሰ መምህሩ ክንፈሚካኤል በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው። ትምህርት ቤቱ ሦስት ዓመት ሙሉ በስምንተኛ ክፍል ፈተና አንድ ልጅ እንኳ አልወደቀበትም። ይህ ነው ወይዘሮ ይታይሽን የከነከናቸው። አንድም?

«የሰባተኛ ክፍሉን መዝገብ አምጣልኝ» አሉት።

አመጣ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ሰባ አራት ልጆች ነበሩ፤ ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ሃምሳ አንድ። በቀሩት ሃያ ሦስት ስሞች ትይዩ «ወላጅ መሸኛ ጠይቆ» ይላል። የወላጆቹን ማመልከቻ አስወጡ። ሃያ ሦስቱም በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ በአንድ ቀን የተጻፉ ናቸው።

ክንፈሚካኤል አልካደም። «እኔ ነኝ የጻፍኩላቸው። ደካሞቹን ወደ ገበያ ዳር ሸኘኋቸው። ያለኝ አንድ የሒሳብ አስተማሪ ነው እትዬ፤ ለሃምሳ ይበቃል፣ ለሰባ አይበቃም። ሁሉንም ልያዝ ብል ሁሉንም አጣ ነበር። ነገ ከነዚህ ልጆች ነርስ የምትሆን አለች፤ መሐንዲስ የሚሆን አለ።»

ወደ ገበያ ዳር የሄዱት አስቀድመው ሳይናገሩ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በገበያ ቀን ነው። ርዕሰ መምህርት ስንዱ ማንንም አትመልስም ይባላል፤ ሃያ ሦስቱንም የተቀበለች እሷ ናት። ውጤቷ ዝቅተኛ ነው፤ ግማሹ ይወድቃል። የተማሪ መቆጣጠሪያ መዝገቧ ግን እንከን የለውም፤ ማንም ቀርቶ አያውቅም። ወይዘሮ ይታይሽ የአንዱን ክፍል በር ገፋ አድርገው ገቡ። ስልሳ ልጅ በተመዘገበበት ክፍል ሃያ ሁለት ተቀምጧል። መዝገቡ ላይ ስልሳውም «ተገኝተዋል» ተብለዋል።

«ይሄ የማን ሥራ ነው?»

«የኔ» አለች ስንዱ። «ማክሰኞ ማክሰኞ እናቶቻቸውን ያግዛሉ። ቀሪ ብዬ ብሞላባቸው ደንቡ ይሰርዛቸዋል፤ ከተሰረዙ ደግሞ አይመለሱም። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ የማክሰኞውን ደግሜ አስተምራቸዋለሁ።»

ወይዘሮ ይታይሽ አላመኗትም። ረቡዕ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መጥተው በመስኮት ተመለከቱ። ክፍሉ ጢም ብሏል፤ ስንዱ ጠመኔ ይዛ ቆማለች። እንደምመጣ አውቃ ቢሆንስ ብለው በሚቀጥለውም ረቡዕ ተመለሱ። ያው ነው።

ወንዝ ማዶ ውጤት የሚባል ነገር የለውም። ባለፈው ዓመት የልጆቹ ፈተና በሙሉ ተሰርዟል። ያሰረዘውም ራሱ ርዕሰ መምህሩ ኑረዲን ነው፤ አንድ አስተማሪ መልስ ሲያድል አይቶ ዞን ደውሎ ተናገረ። ሠላሳ ስምንት ልጆች ክፍል እንዲደግሙ ተደረገ፤ ከእነሱ አሥራ አንዱ ትምህርት አቋረጡ። ከተማው ኑረዲንን እውነተኛ ይለዋል። ወይዘሮ ይታይሽ ግን ሰፈሩን ሲጠይቁ፣ ኑረዲንና ያ አስተማሪ በአጥር ወሰን ተጣልተው ሁለት ዓመት ሰላምታ እንዳልነበራቸው ሰሙ።

«ለእውነት ነው ወይስ ለቂም?» አሉት ፊት ለፊት።

ኑረዲን እንዲህ አለ፦ «መልሱን ሲያድል አይቻለሁ፤ ይሄ እውነት ነው። ባንጣላ ኖሮ እደውል ነበር ወይ ካሉኝ፣ ራሴን ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።»

ካቋረጡት አሥራ አንድ ልጆች አንዷ ዘምዘም ናት። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ትሸጣለች። ወይዘሮ ይታይሽ አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«መልሱን ተቀብለሽ ነበር?»

«አልተቀበልኩም እማማ። ከሌሎቹ ጋር ተሰረዘብኝ። ከዚያ አባቴ ይበቃል አለኝ።»

«በኑረዲን አዝነሻል?»

«አዝኛለሁ» አለች ሽንኩርቱን እየደረደረች። «ግን ዋሸ አልልም።»

የወሩ መጨረሻ ቀን ሕዝቡ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ። ወይዘሮ ይታይሽ ቆመው ያገኙትን ሁሉ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ። ሦስቱ ርዕሳነ መምህራን ፊት ለፊት ተቀምጠው ሰሙ፤ አንዳቸውም «አላደረግሁም» አላሉም። ከኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ «እንግዲያው ሦስቱም አጭበርባሪዎች ናቸው፤ ለማንም አይሰጥ!» ብሎ ጮኸ።

«ለማንም ካልተሰጠ የሚጎዱት ልጆቹ ናቸው» አለች ስንዱ።

አዳራሹ በጫጫታ ተሞላ። ደብዳቤውን ወደ ዞን የሚወስደው አውቶቡስ ውጭ ጡሩንባውን ይነፋል። ወይዘሮ ይታይሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሸት ሲፈልጉ ኖረዋል፤ አሁን ግን ከሦስቱም ዘንድ እንከን አግኝተው ሳለ መፍረዱ ከበዳቸው። እስክሪብቶውን አነሡ። የአንድ ትምህርት ቤት ስም ብቻ ነው የሚጻፈው።

እናንተ በእሳቸው ወንበር ብትቀመጡ ቤተ ሙከራውን ለማን ትሰጣላችሁ? ሃምሳ አንዱን ለማሳለፍ ሃያ ሦስቱን ለገፋው? ማንንም ላለመግፋት ብላ መዝገብ ላይ ለዋሸችው? ወይስ እውነቱን ተናግሮ ዘምዘምን ከትምህርት ላስቀራት?