ዱላውን ያልለቀቀ እጅ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሯጭ። ሯጭ ስላችሁ ተራራ የምትወጣ፣ አገር የምታቋርጥ፣ በየመንገዱ ውሃ የሚያቀብሏት ሴት ታየቻችሁ አይደል? እሷ አይደለችም። የእሷ ሩጫ አጭር ነው። ሽጉጡ ይተኮሳል፤ እናንተ ወንበራችሁን አስተካክላችሁ እስክትቀመጡ እሷ ጨርሳለች።

አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡ አዛውንት፣ "ልጄ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ነው የምትሮጪው?" አሏት።

"ኪሎ ሜትር የለኝም አባባ፤ ያለኝ ሜትር ነው።"

አሰብ አደረጉና፣ "ታዲያ ይሄ ምኑ ሩጫ ነው? ታክሲ ሊያመልጠኝ ሲል እኔም እሮጥ የለ!" አሏት። ሳቀች። በእኛ አገር አጭር ርቀት የሚሮጥ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ሲያስረዳ ይኖራል።

ስንዱ ትባላለች። ለምን እንደምትሮጥ ለማንም ነግራ አታውቅም፤ እኔ ልንገራችሁ። እግሯ ሲፈጥን ድምፅ ይጠፋል። ስታዲየሙ ይጮሃል፣ እሷ ግን አትሰማም። ቀዩ የመሮጫ መም ከእግሯ ሥር እንደ ወንዝ ይፈሳል፤ እሷ ቆማ ዓለም ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላታል። ልጆች ሆናችሁ በሕልማችሁ በርራችሁ አታውቁም? ክንፍ ሳይኖራችሁ፣ ዝም ብላችሁ ከመሬት ከፍ፣ ከፍ እያላችሁ? እናንተ ተኝታችሁ ያያችሁትን እሷ ዓይኗን ገልጣ ታየው ነበር። ከዚያ የመጨረሻው መስመር ይመጣል፣ ድምፁ ይመለሳል፣ ትነቃለች።

እንዲህ እያለች ዓመታት ሮጠች። ከሁሉም የምትወደው ግን ዱላ ቅብብሉን ነበር። አይታችሁታል፤ አራት ሴቶች አንድ ዱላ እየተቀባበሉ መሙን ይዞሩታል። የመጀመሪያዋ ለሁለተኛዋ፣ ሁለተኛዋ ለሦስተኛዋ፣ ሦስተኛዋ ለመጨረሻዋ ታቀብላለች። የመጨረሻዋ ለማንም አትሰጥም። ይዛ ትገባለች። ስንዱ ሁልጊዜ የመጨረሻዋ ነበረች። ዱላ ስትቀበል ኖረች እንጂ ሰጥታ አታውቅም።

ክለቧ ደግሞ አንድ ልማድ አለው። ከውድድር ሲመለሱ በአውቶቡሱ የፊተኛ ወንበር ላይ የምትቀመጠው መጨረሻ የሮጠችው ናት፤ ዱላውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ቢያሸንፉም ባያሸንፉም እንደዚያ ነው። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ያ ወንበር የስንዱ ወንበር ሆነ። የከሰዓት ፀሐይ በመስታወቱ ትገባለች፣ መንገዱ ከፊቷ ይዘረጋል፣ ዱላው በእጇ ውስጥ ይሞቃል፤ እሷም በሰመመን ውስጥ ሆና አሁንም ትሮጣለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሜዳልያውን ከዚያ ወንበር አታስበልጥም ነበር።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ወንበር የሌለው ማን አለ?

እግር ግን ሰው አይደለም፤ ይሉኝታ አያውቅም። ጭኗን ይይዛት ጀመር። ወደ መጨረሻው መስመር የሚወስደውን ቀጥታ መንገድ ስትሮጥ መሃል ላይ ይቆነጥጣታል። ሐኪሟም ያየውን አየና፣ "ዘንድሮን ሩጪ፤ ከዚያ ይብቃሽ" አላት። ልምምድ ሊጀመር ሲል አሠልጣኟ ኮች ደበላ ለብቻዋ ጠሯት።

"ስንዱ፣ ዘንድሮ ሦስተኛ ነሽ። ከቀጥታው በፊት ያለውን ኩርባ ትሮጫለሽ። መጨረሻውን ለአርያት ሰጥቻለሁ።"

"እኔን ነው ኮች፣ ለኩርባ?"

"በሁለት መቶ ሜትር አይቼሻለሁ፤ ኩርባ እንዳንቺ የሚያውቅበት የለም። ቀጥታውን ደግሞ እግርሽ አልቻለም፤ ታውቂዋለሽ።"

ታውቀዋለች። ማወቅና መቀበል ግን አንድ ናቸው እንዴ?

አርያት ከጋምቤላ የመጣች ለግላጋ ልጅ ናት። ክለቡ የወሰዳት ለሙከራ ነው፤ በዘንድሮው ሻምፒዮና ካልሆነላት ወደ ቤቷ ትሸኛለች። ብዙ አትናገርም። ስንዱን "ስንድዬ" ነው የምትላት፤ ጫማዋን ስታወልቅ ሄዳ አጠገቧ ትቀመጣለች። ስንዱም አትጠላትም። እንዴት ትጠላታለች? እንደ ታናሽ እህቷ ናት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በጥላቻ የሆነ ነገር የለም።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። ዱላ የሚቀበል ሰው ዞሮ አያይም። መሙ ላይ ፕላስተር ይለጠፋል፤ ከኋላ የምትመጣው እዚያ ስትደርስ ተቀባይዋ ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ ባላት ኃይል ትነሣለች። ከኋላ "እጅ!" የሚል ጩኸት ይመጣል። ያኔ እጇን ወደ ኋላ ትዘረጋለች፣ ሳታይ። ዞራ ካየች ትዘገያለች። እኛ እዚህ በየሳምንቱ የምንሰብከውን እምነት እነዚያ ልጆች በቁምጣ ይሠሩታል።

ልምምድ ላይ ስንዱ "እጅ!" ትላለች። የአርያት እጅ ይመጣል። ዱላው መዳፏ ላይ ያርፋል። ከዚያስ? ከዚያ አርያት ወደ ኋላ ትጎተታለች። ዱላው አይመጣም።

"ስንድዬ፣ አልለቀቅሽውም እኮ።"

"ለቅቄዋለሁ! አንቺ ነሽ ያልያዝሽው።"

እንደገና ይነሣሉ። እንደገና ጉተታ። ሣሩ ላይ ቆመው ሲቀባበሉ ምንም ችግር የለም፤ ስንዱ ዱላውን ለሰው ዳቦ እንደሚያቀብል ሰው ዘና ብላ ትሰጣለች። ሲሮጡ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ኮች ደበላ ይህን እያዩ ቆዩና፣ "ስንዱ፣ አፍሽን ተይው፤ እጅሽን ጠይቂው" አሏት። ተቀየመች።

ትዋሻለች ብላችሁ እንዳታስቡ። የለቀቀች ይመስላታል። ኩርባውን ስትገባ ድምፁ ይጠፋል፣ መሙ ይፈሳል፣ ያ የድሮ ሕልሟ ይመጣል። በሕልሟ ውስጥ ደግሞ መጨረሻ የምትገባው አሁንም ራሷ ናት። እንዲህ ባለ ሕልም ውስጥ ያለ ሰው እጁን ለማን ብሎ ይክፈት?

ወሬው ግን ክለቡ ውስጥ መዞር ጀመረ። "ያቺ አዲሷ ልጅ መቀበል አትችልም" ተባለ። ስንዱ ሰማች። ግን አላስተባበለችም።

የሻምፒዮናው ቀን ደረሰ። ስስ ደመና አለ፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ የማንም ጥላ አይታይም። ስንዱ ኩርባው ላይ ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች። ለእሷ የመጨረሻዋ ነው። ለአርያት ደግሞ መቅረቷ ወይም መሄዷ የሚለይበት ነው። ዱላው ደረሳት። ሄደች።

ወገኖቼ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! እንደዚያ ቀን ሮጣ አታውቅም። ጭኗ ሕመሙን ረሳው። ጩኸቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚያባራ ዝናብ እየሳሳ፣ እየሳሳ ጠፋ። ኩርባው ራሱ ተሸክሟት የሚሄድ መሰላት። ከጎኗ የነበሩት አንድ በአንድ ወደ ኋላ ቀሩ። ፊቷ ላይ ነፋስ፣ እጇ ውስጥ ዱላ፤ ሌላ ምንም የለም። ምነው ይህ ባላለቀ ብላ ተመኘች። እናንተስ ብትሆኑ አትመኙም?

የአርያት ጀርባ ከፊቷ መጣ። "እጅ!" ብላ ጮኸች፤ አፏ እንደተማረው ጮኸ። እጅ ወደ ኋላ ተዘረጋ። ዱላው መዳፉ ላይ አረፈ። አርያት ያዘችው። ስንዱም እንደያዘችው ነው።

ሁለት ሴቶች አንድ ዱላ ይዘው ይሮጣሉ። የመቀባበያው ክልል እያለቀ ነው። አንድ ላይ እንደያዙት የክልሉን መጨረሻ ካለፉ ከውድድሩ ይሰረዛሉ፤ የአራቱም ልፋት ከንቱ ይሆናል። አርያት ልትነጥቃት ትችል ነበር። አልነጠቀችም። ዞራ ልትቆጣት ትችል ነበር። አልዞረችም። እየሮጠች፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ በትንፋሿ መሃል፣ "ስንድዬ፣ ይዤዋለሁ" አለቻት።

ያ ቃል ሕልሙ ውስጥ ገባ። ምንም ድምፅ በማይሰማበት በዚያ ቦታ ይህ አንድ ድምፅ ተሰማ። ስንዱ እጇን አየችው። ጣቶቿ ግጥም ብለው ተጨብጠዋል። የሌላ ሰው እጅ መሰላት፤ ደነገጠች። ከፈተችው።

ዱላው ሄደ።

ያቀበለ ሰው ሌሎቹ እስኪያልፉ ድረስ ከራሱ መስመር መውጣት የለበትም። ስንዱም እዚያው መስመሯ ውስጥ ባዶ እጇን ቆመች። ይገርማችኋል፣ ያን ሁሉ ዓመት ስትሮጥበት ያንን ቀጥታ መንገድ ከሩቅ አይታው አታውቅም ነበር። የሚሮጥ ሰው የት ያያል? አሁን አየችው። ተሸክማ ያመጣችው ነገር ከእሷ ርቆ፣ ከእሷም ፈጥኖ በዚያ ለስላሳ ብርሃን ውስጥ ሲሄድ አየች። እንዴት ያምራል! ነቅታለች፤ ሕልሙ ግን አልጠፋም፤ እዚያ ማዶ በሌላ ሰው እግር ይሮጣል። እንባዋ ወረደ።

ሁለተኛ ወጡ። በደረት ተቀደሙ። ያ ጉተታ ነው ድሉን የወሰደባቸው።

ወደ ቤት ሊመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ገቡ። አርያት የፊተኛው ወንበር ጋ ደረሰች፤ ግን አልተቀመጠችም። ዱላውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ወደ ስንዱ ዞረች። "አንቺ ተቀመጪ ስንድዬ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ መቀበል አልቻልኩበትም።"

ሰማችሁ? ያልለቀቀችው ሌላ፣ "ያጠፋሁት እኔ ነኝ" የምትለው ሌላ! ልጅቷ አምናዋለች። ደጋግሞ ሲነገራት እውነት መስሏት ነዋ።

ከኋላ የክለቡ ኃላፊ፣ "እኛም ብለን ነበር" ብለው አጉረመረሙ።

ስንዱ ባለችበት ቆመች። "አይደለችም!" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። "እሷ ሁልጊዜም ይዛዋለች። ያልለቀቅኩት እኔ ነኝ። ልምምድ ላይም እኔ ነኝ፣ ዛሬም እኔ ነኝ። ይቺን ልጅ ከሸኛችኋት በእኔ ጥፋት ነው የምትሸኟት።"

ኃላፊው ወደ አሠልጣኙ ዞሩ። ኮች ደበላ፣ "በቃ፣ ተሰማ" አሉ። "አርያት የትም አትሄድም።"

ስንዱ ዱላውን ከወንበሩ ላይ አነሣች። "በይ ተቀመጪ፤ ቦታሽ ነው።" አርያት ፈራ ተባ እያለች ተቀመጠች። ስንዱም ከእሷ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ሆነች። አውቶቡሱ ተነሣ። ደመናው ተገልጦ ፀሐይዋ እንደ ድሮው በመስታወቱ ገባች፣ መንገዱ ተዘረጋ፣ ሰው ሁሉ ሰመመን ያዘው። ጥቂት እንደሄዱ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ።

"እጅ!"

አርያት ዞራ አላየችም። እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ዱላው መዳፏ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጎትተው አልነበረም። አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ። በስንዱ አትፍረዱባት፤ የዘመድ ያህል ትመስለናለች።

አንቺ እናቴ፣ ልጅሽን ድረሻል፣ መርቀሽ ሸኝተሻል፣ ሠርጉ ላይ እልል ብለሻል። ታዲያ ምነው ዛሬም እየሄድሽ የምራትሽን ድስት ትከፍቻለሽ? አንተ አባቴ፣ ሱቁን ለልጄ ለቅቄለታለሁ ብለህ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረሃል። ዕቃ ሊደረድር እጁን ባነሣ ቁጥር "ተው፣ እንደሱ አይደለም!" የሚለው ማነው? እኛስ፣ የዚህ አዳራሽ ሽማግሌዎች? አገልግሎቱን ለወጣቶቹ ሰጥተናል፣ አጨብጭበናል። የአዳራሹ ቁልፍ ግን በማን ኪስ ነው ያለው? ዝናብ እየዘነበባቸው በሩ ላይ ቆመው የሚጠብቁት እነማን ናቸው? ቀስ ብላችሁ ሳቁ፤ ባለ ቁልፉ እዚሁ ተቀምጧል።

ለቅቄያለሁ ትላላችሁ። አውቃለሁ፣ ከልባችሁ ነው። ስንዱም ከልቧ ነበር። እስቲ አፋችሁን ተዉትና እጃችሁን ጠይቁት።

እኔን ከሁሉ የሚያመኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በየቤታችን "እኔ ነኝ ያልቻልኩበት" እያለ የሚኖረው ልጅ ነው። ይዞታል፣ እየጎተተ ነው፣ እኛም ይዘነዋል፤ ጥፋቱ ግን የእሱ ይመስለዋል። "አንተ አይደለህም ልጄ፤ ያልለቀቅኩት እኔ ነኝ" የሚለው አንድ ትልቅ ሰው ይፈልጋል። ዛሬ ቤት ስትገቡ በሉት። ጮክ ብላችሁ በሉት፤ ሲወቀስ የሰሙ ሁሉ ይስሙ።

ዱላውን እኛም ከሰው እጅ ነው የተቀበልነው። የሰጠን ሰው ጨብጦ ቢያስቀረው ኖሮ የት እንደርስ ነበር? እግዚአብሔር ኩርባህን ሮጠህ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቀናል እንጂ ለምን መጨረሻ አልገባህም አይለንም።

አሁን እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ አድርጉና እዩት። ተጨብጧል? ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። ባዶ ቀረ ብላችሁ አትፍሩ፤ ባዶ እጇን ስትቆም ነው ስንዱ ያን ውበት ያየችው። ከፊታችሁ አንድ እጅ ወደ ኋላ ተዘርግቷል። የማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ዞሮ አያያችሁም። ንቋችሁ አይደለም፤ አምኗችሁ ነው።